የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅና የጥበብ መለኪያ

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ «አሁኑኑ ማግባት እፈልጋለሁ» ትላለች። ምን ምን መታሰብ አለበት? ምንስ መደረግ አለበት?

ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሌላ ዝርዝር የለውም። በርሊን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሰው ልጅ ዕድገት ምርምር ተቋም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰዎችን እየጠራ ይህንና ይህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ሲያቀርብላቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ተጠያቂው ከ«ሀ» እስከ «መ» አይመርጥም። የመጣለትን ሐሳብ ሁሉ ድምፁን አውጥቶ ይናገራል። ንግግሩ ይቀዳል፣ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። ከዚያ የሠለጠኑ ገምጋሚዎች እያነበቡ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጡታል። የሚለካው ነገር ጥበብ ነው።

ጥበብ ይለካል ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ቁመት ይለካል፣ የደም ግፊት ይለካል፤ ጥበብ ግን እንዴት ተደርጎ? ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የተሠራውን ሳያዩ ማጣጣል ግን አይገባም። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ባይሳካላቸው እንኳ ያልተሳካበት ቦታ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በተለየ ሁኔታ ያስተምራል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሥራውን የመሩት ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ባልተስ ነበሩ። ኡርሱላ ሽታውዲንገርና ጃኪ ስሚዝ አብረዋቸው ሠርተዋል። ጥበብን «በኑሮ መሠረታዊ ጉዳዮች ላይ ያለ የላቀ ዕውቀት» ብለው ያዙትና አምስት መመዘኛ አወጡለት። ተናጋሪው ስለ ሰው ልጅና ስለ ኑሮ በቂ ያውቃል? ችግር እንዴት እንደሚያዝ፣ ምክር እንዴት እንደሚሰጥ ያውቃል? ነገሩን ከባለጉዳዩ ዕድሜ፣ ከቤተሰቡና ከዘመኑ ጋር አያይዞ ያያል? ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እንደማያከብር ይገነዘባል? ነገ ምን እንደሚመጣ እንደማይታወቅ አምኖ፣ ያንንም ይዞ መወሰን ይችላል?

ተመራማሪዎቹ ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ የሚያሰጡ መልሶችን በምሳሌነት አሳትመዋል። ዝቅተኛው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ በ15 ዓመት ማግባት? በጭራሽ። ፍጹም ስህተት ነው። ልጅቷ አይቻልም መባል አለባት። እንዲህ ያለውን ሐሳብ መደገፍ ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው፤ እብደት ነው።

ከፍተኛው ደግሞ ሲጀምር ረጋ ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ባብዛኛው የ15 ዓመት ልጅ ብታገባ ጥሩ አይደለም። ግን ከተለመደው የሚወጣ ሁኔታ አለ። ልጅቷ የማይድን በሽታ ይዟት ይሆናል። ወላጆቿን በቅርቡ አጥታ ይሆናል። ወይም ደግሞ በሌላ ባህል፣ በሌላ ዘመን የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ለማንኛውም ስሜቷ ምን ላይ እንዳለ አይቶ በምን አኳኋን እንደሚያናግሯት ማሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ጋ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ማለት አለበት። «በሌላ ባህል የምትኖር» የተባለችው ልጅ እኮ የእኛ ልጅ ናት። ለበርሊኑ ተጠያቂ የሐሳብ ማስፊያ የሆነችው ልጅ ለእኛ በስም የምናውቃት ጎረቤት ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሴት ልጅ የጋብቻ መነሻ ያደረገው 15 ዓመትን ነበር። ይህ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በርሊን ውስጥ ጥያቄው ሲጠየቅ በነበረባቸው ዓመታት እኛ ዘንድ የ15 ዓመት ሙሽራ በሕግም ሙሽራ ነበረች ማለት ነው። ሕጉ ከተሻሻለ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፣ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር።

ታዲያ በእኛ አገር «በጭራሽ አይሆንም» ያለችው ማን ናት? አስተማሪዋ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በልጅነቷ ተድራ፣ ልጄ ላይ አይደገምም ያለች እናት ናት። ሰውነቷ ሳይጠና የወለደች ልጅ ምጡ ለቀናት ሲጠናባት ምን እንደሚከተል አይታለች። አዲስ አበባ ውስጥ በ1974 የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል ስንት ዘመን እነዚህን ልጆች ሲያክም እንደኖረም ታውቃለች። የእሷ «በጭራሽ» ካለማሰብ የመጣ አይደለም። ብዙ ከማየት የመጣ ነው። በበርሊኑ ሚዛን ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ሲቀመጥ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ለተመራማሪዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዝቅተኛው መልስ ነጥብ ያጣው እምቢ ስላለ ብቻ አይደለም። ልጅቷን ራሷን ስለረሳት ነው። ለምን ማግባት እንደፈለገች አይጠይቅም። ከቤት መውጫ መንገድ አጥታ ይሆን? ትምህርቷን እንዳትቀጥል የሚያደርግ ነገር ቤት ውስጥ አለ? ፈልጋ ነው ወይስ ፈልጌያለሁ በይ ተብላ? እምቢ ባይዋ አስተማሪ ጥሩ አስተማሪ ከሆነች እነዚህን ሁሉ ትጠይቃለች። አባትየውን የምታናግረው በምን ቀን፣ በማን አማላጅነት እንደሆነ ታውቃለች። በውሳኔዋ አትወላውልም፤ በአካሄዷ ግን እንደ ሰዉ ናት። እኔ ጥበብ የምለው እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። የበርሊኑ መለኪያ ሁለተኛውን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። የመጀመሪያው ግን ያመልጠዋል።

ያም ሆኖ በርሊን ውስጥ የተገኘው ውጤት ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከሃያዎቹ መጀመሪያ እስከ 75 ዓመት ድረስ ዕድሜና ነጥብ ብዙም አልተገናኙም። በጉርምስና ዓመታት ከፍ ይልና ከዚያ በኋላ ሽበት ብቻውን የሚጨምረው ነገር የለም። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚገባውን ያህል ሲወራለትም አላይም። በ1996 ሽታውዲንገርና ባልተስ ሰዎች ከሚያውቁት ሰው ጋር፣ ከባለቤታቸው ወይም ከወዳጃቸው ጋር፣ መጥተው ነገሩን አብረው እንዲወያዩበት አደረጉ። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ እንዲያሰላስል ጊዜ ተሰጠው። ነጥባቸው በጣም ጨመረ። የሚገርመው፣ ሰውየው አጠገባቸው ባይኖርም «እገሌ ቢሆን ምን ይል ነበር?» ብለው በልባቸው የተወያዩትም እንዲሁ ጨመሩ። ተወያይተው የማሰላሰያ ጊዜ ያልተሰጣቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም።

ይህን ውጤት በደንብ እንየው። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፣ ያው ትምህርት ነው። የተቀየረው አብሮት ያለው ሰውና የተሰጠው ጊዜ ነው። ጥበቡ ሰውየው ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ንብረት ቢሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ከፍ አይልም ነበር።

ሌላው የመለካት መንገድ መጠይቅ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሞኒካ አርደልት በ2003 ያሳተሙት 39 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ማስተዋልን፣ ራስን መመርመርንና ርኅራኄን ለያይቶ ይጠይቃል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ዲሊፕ ጄስቴና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ደግሞ 24 ጥያቄ አለው። አርደልት የበርሊኖቹን በጽሑፍ ተችተዋቸዋል። ጥበብ ከሰውየው ተነጥሎ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ዕውቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጥበበኛው ሰው እንጂ መልሱ አይደለም ነው የሚሉት። ትችቱ ልክ ነው። የመጠይቁ ችግር ግን ግልጽ ነው። «ከመወሰኔ በፊት የሁሉንም ወገን ለማየት እሞክራለሁ» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ የማይል ማን አለ? በተለይ በጭራሽ የማያይ ሰው ከሁሉም ቀድሞ አዎ ይላል። ራሱን የሚጠራጠረው ደግሞ «አንዳንዴ» ብሎ ነጥብ ያጣል። ሶቅራጥስ ይህን ወረቀት ቢሞላ የሚወድቅ ይመስለኛል።

ሦስተኛው መንገድ በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ከኢጎር ግሮስማን ስም ጋር የተያያዘ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለሚሺጋን ነዋሪዎች ስለ ታጂኪስታን ታሪክ አስነበቧቸው። ከጎረቤት አገር ሰዎች ፈልሰው ገብተዋል። መጤዎቹ ልማዳቸውን ይዘው መኖር ይፈልጋሉ፤ ነባሮቹ ደግሞ ከእኛ ጋር ይመሳሰሉ ይላሉ። ከዚህ በኋላ ምን የሚሆን ይመስልሃል? ለምን? ተብሎ ይጠየቃል። ተመራማሪዎቹ መልሱ ውስጥ የሚፈልጉት የሌላውን ወገን ዓይን፣ የመስማማት ፍላጎትን፣ ነገሮች እንደሚለወጡ መገንዘብንና «ይህን አላውቅም» ማለትን ነው። በዚህኛው ጥናት አረጋውያኑ ከወጣቶቹ በልጠው ተገኙ። በ2012 ጃፓን ውስጥ ሲሞከር ግን ወጣቶቹ ከወዲሁ ከፍ ብለው ስለተገኙ ዕድሜው ብዙ ለውጥ አላመጣም። አንድ አገር በሰባ ዓመት የሚማረውን ሌላው አገር በሃያ አምስት ያስተምራል ማለት ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን የታጂኪስታኑ ታሪክ ራሱ ነው። ነባርና መጤ፣ ቋንቋና ልማድ፣ ማን ይመሳሰል ማን አይመሳሰል። ይህን ኢትዮጵያዊ ሲያነበው ታጂኪስታን ትዝ ይለዋል? የሚሺጋኑ ሰው በታሪኩ ውስጥ የሞተበት ዘመድ የለውም። የተቃጠለበት ቤት የለም። ስለዚህ ተረጋግቶ «ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው» ማለት አያስቸግረውም። ፈተናው የሚለካው ለማንም የማይቆረቆርን ሰው ጥበብ ነው። እኛ ዘንድ ጥበብ የሚፈለገው ሰው በሚቆረቆርበት ቦታ ነው።

ግሮስማን ራሳቸውም ይህን አላጡትም። ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከኢታን ክሮስ ጋር በ2014 ያሳተሙት ጥናት ቀጥታ ወደዚሁ ይሄዳል። የፍቅር አጋር ያላቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። ገሚሶቹ «አጋርህ ከሌላ ሰው ጋር ሄዳብሃለች ብለህ አስብ» ተባሉ። ገሚሶቹ ደግሞ ይኸው ነገር በቅርብ ጓደኛቸው ላይ እንደደረሰ እንዲያስቡ ተደረገ። ስለ ጓደኛቸው ያሰቡት በጥበብ መለኪያው በልጠው ተገኙ። ይህን የሰለሞን ቅራኔ ብለው ሰየሙት። በእኛው ተረት «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የምንለው ነው። እኛ ግን ስንተርተው ለስድብ ነው። ጥናቱ የሚለው የሰው ድስት ማማሰል የሰው ሁሉ ተፈጥሮ መሆኑን ነው። ከ60 እስከ 80 ዓመት ያሉትም ከወጣቶቹ አልተለዩም። ዕድሜ ከዚህ አያድንም።

ስሙን ከሰለሞን መውሰዳቸው ለእኛ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ምክንያቱም ሰለሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደችውን ንግሥት የእኛ ናት እንላለን። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ የጠየቀችውን ሁሉ ይመልስላታል፤ የፈታላት እንጂ ያቃተው አልነበረም። ገጹን ገልብጠን ምዕራፍ 11 ስንደርስ በገዛ ቤቱ ጉዳይ ሲወድቅ እናገኘዋለን። ፈተናውን ያለፈው ሰው ኑሮውን አላለፈም። ጥበብን በጥያቄና መልስ የመለካት ችግር ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የተጻፈበት ቦታ አላውቅም።

ክሮስና ግሮስማን መፍትሔም አግኝተዋል። የተበደለው ሰው ስለ ራሱ ሲያስብ «እኔ» ማለቱን ትቶ በራሱ ስም፣ እንደ ሦስተኛ ሰው ቢያስብ ልዩነቱ ይጠፋል። «ለምን እንዲህ አደረገችኝ?» ከማለት «ለምን ነው ከበደ እንዲህ የተሰማው?» እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በተሠራ ሥራም የዕለት ገጠመኛቸውን ለአንድ ወር ያህል በዚህ መንገድ የጻፉ ሰዎች «እኔ» እያሉ ከጻፉት ይልቅ አስተዋይነታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። የአንድ ሰው ጥበብ ከቀን ቀን፣ ከጉዳይ ጉዳይ በጣም እንደሚለያይም በዕለት ማስታወሻ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። መለኪያው እንደ ቴርሞሜትር ነው ቢባል ይቀላል። የአሁኑን ትኩሳት ይነግርሃል፤ ሰውየው ጤነኛ ነው ወይ ለሚለው መልስ የለውም።

አሁን እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ እናድርጋቸው። ከጉዳዩ ራቅ ማለት። ከሌላ ሰው ጋር መወያየት። ጊዜ መውሰድ። በሌላው ቦታ ሆኖ ማየት። ይህ ሽምግልና ነው እኮ! ሁለቱም ወገን አምነው የመረጧቸው ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ጉዳዩ የራሳቸው አይደለም። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ጣልቃ ሊገባ ሲል «ቆይ፣ ተራህን ትናገራለህ» ይባላል። ባለጉዳዮቹ ወጣ ይደረጉና ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይመክራሉ። ነገሩ ከበረታ «ለሳምንት» ተብሎ ይቀጠራል። ቀጠሮው ለብዙ ሰው ማንዛዛት ይመስለዋል፤ ግን የበርሊኑ የማሰላሰያ ጊዜ በትክክል ይኸው ነው። «እስቲ አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን?» የምትለዋ ጥያቄም አትቀርም። አያቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው፣ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ጥበበኛ እንደማይሆን አውቀው ዙሪያውን ሥርዓት ሠሩለት። ሽማግሌው ራሱ ልጁ ሲጣላ ሌላ ሽማግሌ ይጠራል እንጂ ራሱ አይዳኝም።

ታዲያ ሽምግልናን ማወደስ እዚህ ላይ ካቆመ ሐሰት ይሆናል። ይኸው ሥርዓት የተጠለፈችን ልጅ ለጠላፊዋ ሲድር ኖሯል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ታርቆ፣ ልጅቷ ግን ሳትጠየቅ። ሕጉም አብሮ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የተደበደበች ሚስት «ለልጆችሽ ስትይ» ተብላ ወደ ተደበደበችበት ቤት የምትመለሰው ዛሬም በሽማግሌ ነው።

ሥርዓቱ ሁሉን አሟልቶ ለምን እንዲህ ያለ ውጤት ሰጠ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ስተርንበርግ በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ይረዳል። ለእሳቸው ጥበብ ሚዛን ነው። የራስን ጥቅም፣ የሌሎችን ጥቅምና የማኅበረሰቡን ጥቅም፣ የዛሬውንና የነገውን አመዛዝኖ ለጋራ ደኅንነት ማዋል ነው። ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ለምን ጅል ነገር ይሠራሉ ለሚለውም አራት ወጥመድ ይጠቅሳሉ፦ ከእኔ ወዲያ ላሳር ማለት፣ ሁሉን አውቃለሁ ማለት፣ ሁሉን እችላለሁ ማለት፣ ምንም አይነካኝም ማለት። በሚዛን ሐሳብ ሲታይ የጠለፋው ዕርቅ ግልጽ ነው። ሚዛኑ ላይ የተቀመጡት ሁለት አባቶች ናቸው። ልጅቷ ሚዛኑ ላይ አልወጣችም። ሽማግሌዎቹ በቀረበላቸው ጉዳይ ላይ አስተዋይ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ደምም አስቀርተው ይሆናል። ግን ማን ባለጉዳይ እንደሆነ የወሰነው ከእነሱ በፊት የነበረው ልማድ ነው። አንድም ሴት በሌለችበት ሸንጎ የሴት ጉዳይ ሲዳኝ የትኛውም የግል ብልህነት አይሞላውም።

ሽምግልና ቦታ ሲለቅም ሌላ ነገር ይታያል። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ነው የሄዱት። እዚያም የባልና ሚስት ጠብ፣ የቤተሰብ ጠብ ሲያስታርቁ ኖረዋል። ግን በአገር ቤት ሁሉን የሚያውቁት ሰውዬ እዚያ የባንክ ደብዳቤ ለማስነበብ የልጅ ልጃቸውን የሚጠሩ ሆኑ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አባትም ከዚህ የራቀ ኑሮ የላቸውም። የሰው ባሕርይ ማወቃቸው አልቀነሰም። ልጁ የሚኖርበትን ትምህርት ቤት፣ ሕግና የሥራ ዓለም ግን አያውቁትም። ባልተስ ጥበብን ከዘመንና ከቦታ ጋር ያያያዙት ለዚህ ነው። ጥበብ ሻንጣ ውስጥ ይዘውት ሲሻገሩ ግማሹ ኬላ ላይ ይቀራል።

ከቁጥር ይልቅ ንግግርን የመረጠ አፍሪካዊም አለ። ኬንያዊው ፈላስፋ ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገጠር የሚኖሩና በሰፈራቸው ጥበበኛ የሚባሉ ሰዎችን እየፈለጉ አነጋገሩ። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ወንድና ሴት እኩልነት ይጠይቋቸዋል። መልሱን ሰምተው አይነሡም። መልሰው ይሞግቷቸዋል። በዚህም ሁለት ዓይነት ጠቢብ ለዩ። አንደኛው የማኅበረሰቡን ተረትና ልማድ ጠንቅቆ የሚያውቅና የሚያስረዳ ነው። ሌላኛው ግን ልማዱን ራሱን ይመረምራል፤ «አባቶቻችን እንዲህ ይሉ ነበር፣ እኔ ግን አይመስለኝም» ለማለት ይደፍራል።

ይህ ልዩነት ለእኔ ከየትኛውም ነጥብ ይበልጣል። የጠለፋውን ዕርቅ ያጸደቁት ሽማግሌዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ጠለፋ ይቁም ብለው ከወገኖቻቸው ጋር የተጣሉት ሁለተኛዎቹ ናቸው። ልዩነቱ ደግሞ በመጠይቅ አይገኝም። ኦሩካ እንዳደረጉት ቁጭ ብሎ፣ ደጋግሞ ጠይቆ፣ ሲሞገቱ ምን እንደሚያደርጉ አይቶ ነው የሚታወቀው።

እንግዲህ ጥበብ ምንድን ነው ለሚለው አንድ ስምምነት አለ? ሙሉ ስምምነት የለም፤ ግን የቀረበ ነገር አለ። በ2019 ቶሮንቶ ላይ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት ሥራ ሁለት ምሰሶ አስቀምጠዋል። አንዱ የራስን አስተሳሰብ ገደብ አውቆ ነገሩን ከብዙ አቅጣጫ ማየት ነው። ሌላው ይህ ማየት በግብረ ገብ ላይ መቆሙ ነው። በ2024 የታተመ የ12 አገሮች ጥናት ደግሞ ተራው ሰው ሌሎችን ጥበበኛ ሲል ሁለት ነገር እንደሚያይ አሳየ፦ አሰላስሎ የመወሰን ልማድና የሰው ስሜት መረዳት። ከጃፓን እስከ ፔሩ እነዚሁ ሁለቱ ወጡ። የመጀመሪያው ምሰሶ ሊለካ ይችላል፤ እየተለካም ነው። ሁለተኛው፣ ግብረ ገቡ፣ መለኪያ ሲመጣበት ይሸሻል። ሰው የሚያምንበትን ነገር ዋጋ ሲያስከፍለው እንጂ በመልሱ አናውቀውም።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበው አዲስ አማካሪ ስለመጣ ነው። ሰው ከባለቤቱ ጋር የተጣላበትን ነገር ሌሊት ቻትጂፒቲ ለሚባለው የኮምፒውተር አማካሪ ይጽፋል። መልሱ ይመጣል፤ የሁለቱንም ወገን ያያል፣ «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» ይላል፣ ስለ ስሜቱ ይጠይቃል። በርሊን ላይ የተዘረዘሩት አምስቱ መመዘኛዎች ቃላቸው ሁሉ አለበት። ገምጋሚዎቹ ማን እንደጻፈው ሳያውቁ ቢያነቡት ጥሩ ነጥብ የሚሰጡት ይመስለኛል። ራቅ ብሎ ለማሰብ ከረዳ ጥቅሙን አልክድም፤ ሰው ሌሊት የሚያማክረው ሲያጣ ምንም ከማጣት ይሻላል። ግን ሽማግሌው ዋስ ይሆናል። ያስታረቃቸውን ባልና ሚስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ፣ ወር በገባ ደግሞ እድር ላይ ያገኛቸዋል። ምክሩ ከከሸፈ ስሙ አብሮ ይወድቃል። ማሽኑ ነገ ሌላ ሰው ያናግራል፤ የትናንቱ ቤት ቢፈርስም አይሰማም።

ስለዚህ ጥበብ ይለካ ከተባለ፣ የት ብንለካው እንደሚሻል የራሴ ሐሳብ አለኝ። በአንድ ወረዳ የተደረጉ ዕርቆችን እንያዝ፤ የመሬት፣ የደም፣ የባልና የሚስት። ከዓመት በኋላ ተመልሰን እንሂድ። ዕርቁ ጸንቷል ወይ? ያለቀው ከልብ ነው ወይስ በይሉኝታ? ዕርቁ ሲፈጸም ማን ነበር፣ ማን አልነበረም? ከጸኑት ዕርቆች ስንቱ ላይ ሴት ሽማግሌ ነበረች? ቀጠሮ የተሰጠባቸው ከዕለቱ ካለቁት ይለያሉ? የአገር አቀፍ ምክክር ጉዳይ በተነሣበት በዚህ ዘመን፣ ሁላችንም ባለጉዳይ ሆነን ገለልተኛ ሽማግሌ ባጣንበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ከ24ቱም ከ39ኙም ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅመናል። ጥያቄውም ከሽማግሌዎቹ ባይጀምር እመርጣለሁ። መጀመሪያ የምትጠየቀው የተመለሰችው ሚስት፣ ቀጥላ የተዳረችው ልጅ ትሁን።